ቱሊፕ መትከል ቀላል ነው፤ ፈተናው ሁለተኛው ዓመት ነው

ቱሊፕ ለጀማሪ የሚመች አበባ ነው ስል ብዙ ሰው አያምነኝም። ስሙ ትልቅ ነው፣ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ስለዚህ ልዩ ሙያ የሚጠይቅ ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ቱሊፕ በየቤቱ የሚተከለው ከዘር ሳይሆን አፈር ውስጥ ከሚኖረውና መልኩ ቁርጥ ሽንኩርት ከሆነው ድቡልቡል አካሉ ነው፤ እኔም ከዚህ በኋላ «ሽንኩርቱ» እያልኩ እሄዳለሁ። ያንን ሽንኩርት ስትገዙ ቀጥሎ የሚመጣው አበባ ከነቅጠሉና ከነአገዳው ውስጡ ተሠርቶ አልቋል። ካላመናችሁ አንዱን ሠውታችሁ ከጫፉ እስከ ታቹ ለሁለት ሰንጥቁት። መሃሉ ላይ ደቃቅ አበባ ተጣጥፋ ታገኛላችሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት አበባ የእናንተ ሥራ አይደለም። ሽንኩርቱን ያሳደገው ገበሬ ጨርሶታል፤ የእናንተ ድርሻ አለማበላሸት ብቻ ነው። የሁለተኛው ዓመት አበባ ግን የእናንተው ነው፣ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚያ ላይ ነው። «አምና አበባ ነበር፣ ዘንድሮ ቅጠል ብቻ ሆነብኝ» የሚለው ቅሬታ ቱሊፕ ባለበት ሁሉ አለ።

ጠባዩ ከየት መጣ

የዱር ቱሊፕ አገሩ የመካከለኛው እስያ ተራሮች ናቸው፤ ቲያን ሻንና ፓሚር፣ ወደ ምዕራብም እስከ ቱርክ ድረስ። እዚያ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። በረዶው ሲቀልጥ ለአጭር ጊዜ አፈሩ ይርሳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሞቃትና ደረቅ ነው። ተክሉ በዚያች አጭር ጊዜ ይወጣል፣ ያብባል፣ ስንቁን ይቋጥራል፣ ከዚያ ሙቀቱን አፈር ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋል።

ይህን ከያዛችሁ ሌላውን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። ብርድ ይፈልጋል። ፀሐይ ይፈልጋል። ሲተኛ ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። ውሃ በቋጠረ ጭቃ ውስጥ መቀመጥ ግን ፈጽሞ አይሆንለትም። በቸልተኝነት ከሚሞተው ቱሊፕ ይልቅ በእንክብካቤ ብዛት፣ በተለይ በውሃ ብዛት የሚበሰብሰው ይበልጣል ብዬ አስባለሁ።

ብርዱን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ሽንኩርቱ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ያጠራቀመው ስታርች ወደ ስኳርነት የሚለወጠውና አገዳው ለመመዘዝ የሚዘጋጀው በዚህ ጊዜ ነው። ብርድ ያልጠገበ ቱሊፕ ቢያብብ እንኳ አገዳው ያጥርና አበባው ቅጠሎቹ መሃል ተሸጉጦ ይቀራል። አንዳንዱ እምቡጡን እዚያው ያደርቀዋል።

ሽንኩርት ስትመርጡ

ትልቁን ምረጡ። ሻጮች መጠኑን የሚለኩት በዙሪያው ነው፤ 12 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው አንደኛው ደረጃ ነው። አነስ ያለው ርካሽ ነው፣ አበባውም በዚያው ልክ ያንሳል። ከሁሉም በላይ እጃችሁ ላይ ሲያዝ ጠንካራና ከበድ ያለ ይሁን። ጫን ስትሉት የሚሰረጉድ፣ ባዶ እስኪመስል የቀለለ ወይም የሆመጠጠ ሽታ ያለው ከሆነ ተዉት፣ ውስጡ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ቡናማው ስስ ልጣጭ ተሰንጥቆ ወይም ወልቆ ከሆነ ግን ምንም ችግር የለውም። ላዩ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ሻጋታ ካያችሁና ከሥሩ ጠንካራ ከሆነ በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ መትከል ትችላላችሁ።

ስለ ዓይነቱ ብዙ ማለት ይቻላል። አትክልተኞች ቱሊፕን በ15 ያህል ምድብ ይከፍሉታል፣ ሁሉንም መሸምደድ ግን አያስፈልጋችሁም። ለቤት ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ መቼ ያብባል? በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል? ቀድመው የሚያብቡ፣ መሃል ላይ የሚያብቡና ዘግይተው የሚያብቡ አሉ። ከሦስቱም ብትቀላቅሉ አንዱ ሲረግፍ ሌላው እየተካው ሳምንታት ትቆያላችሁ። አንድ ዓይነት ብቻ ከተከላችሁ ግን ሁሉም በአንዴ ያብብና በአንዴ ያልቃል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የቀረ ነገር የለም።

መመለሱን በተመለከተ የዳርዊን ዲቃላ የሚባሉት፣ ለምሳሌ ቀዩ አፔልዶርን፣ ከትላልቆቹ ውስጥ ደህና የሚጸኑ ናቸው። ጥቁር የሚመስለው ኩዊን ኦፍ ናይትም በጣም ያምራል፣ ዘግይቶ ነው የሚያብበው። ጠርዛቸው የተቀዳደደና የተጠማዘዘ የሚመስሉት ፓሮት ቱሊፖች ዓይን ይስባሉ፣ ነገር ግን ራሳቸው ስለሚከብድ ዝናብና ነፋስ ይጥላቸዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ደግሞ ሰው ብዙም ዞር ብሎ የማያያቸው ትናንሾቹ የዱር ዝርያዎች ይበልጡብኛል። ታርዳ አለች፣ ቢጫና ነጭ። ክሉሲያና አለች፣ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ በላይደን ከተማ ቱሊፕ ይተክል ከነበረው የዕፅዋት ሊቅ ካሮሉስ ክሉሲየስ ነው። አበባቸው ትንሽ ነው፣ ግን ቦታው ከተስማማቸው በየዓመቱ ራሳቸው ተመልሰው ይመጣሉ፣ ይራባሉም።

ገዝታችሁ ወዲያው ካልተከላችሁ ከፌስታል አውጡት። ፌስታል ውስጥ ያልበዋል፣ ከዚያ ይሻግታል። የወረቀት ከረጢት ወይም መረብ ውስጥ አድርጋችሁ ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅና አየር የሚገባበት ቦታ አስቀምጡት። ፍራፍሬ አጠገብ ግን አይሁን። ፖምና ሙዝ ሲበስሉ የሚያወጡት ኢትሊን የሚባለው ጋዝ ውስጡ ያለችውን ትንሽ አበባ ይገድላታል። ሽንኩርቱ ከውጭ ደህና ይመስላል፣ አበባ ግን አይመጣም፤ እናንተም ምክንያቱን ሳታውቁት ትቀራላችሁ።

አንድ ሌላ ማሳሰቢያ። የተለመደው ሽንኩርት ይመስላልና ወደ ድስት እንዳይገባ! መርዛማ ነው፣ በተለይ ለድመትና ለውሻ። እርግጥ ሆላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 በነበረው የረሃብ ወቅት ሰው የሚበላው አጥቶ የቱሊፕ ሽንኩርት በልቷል፣ ያ ግን የጭንቅ ቀን ነው። ቆዳቸው ቶሎ የሚቆጣ ሰዎች ብዙ ሽንኩርት ሲነካኩ ጣታቸውን ያሳክካቸዋል፣ ጓንት አድርጉ።

አተካከሉ

ከሌሎች አበቦች በተለየ ቱሊፕን ዘግይቶ መትከል ይሻላል። በሰሜኑ የምድር ክፍል ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ በደቡቡ ደግሞ ሚያዝያና ግንቦት ጥሩ ነው። የቀን መቁጠሪያውን ከማየት ግን አፈሩን ማየት ይበልጣል፤ ከ13 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ጊዜው ደርሷል። ሞቅ ባለ አፈር ቶሎ ከተከላችሁት በሽታ ያገኘዋል፣ በተለይ ኋላ ላይ የማነሣው ሻጋታ። አፈሩ በረዶ ሠርቶ እስካልጠጠረ ድረስ ብትዘገዩም አትጨነቁ። የረሳችሁት ከረጢት ካገኛችሁ፣ ሽንኩርቱም ጠንካራ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ትከሉት። ለሚቀጥለው ዓመት ብሎ ማቆየት አይሠራም።

ቦታው ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ። ቅጠላቸው የሚረግፍ ዛፎች ሥርም ይሆናል፣ ምክንያቱም ዛፉ ሙሉ ቅጠል እስኪያወጣ ቱሊፑ ሥራውን ጨርሷል። በየቀኑ ውሃ የምታጠጡት የሣር ወይም የአትክልት መደብ አጠገብ ግን አትትከሉ። በሙቀቱ ወራት ሊተኛ ሲል ውሃ ይጠጣና ይበሰብሳል።

አሁን አፈሩ። ይህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙው ነገር የሚወሰነው እዚህ ነው። ቀላል መፈተኛ አለ። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት፣ ይምጠጥ፣ እንደገና ሙሉበት። ሁለተኛው ውሃ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከጠፋ ደህና ነው። በማግስቱም ኩሬ ሆኖ ካገኛችሁት ቱሊፕ እዚያ አይኖርም። ዋልካ አፈር ከሆነ የደቀቀ ጠጠርና የበሰለ ኮምፖስት እስከ ታች ድረስ በደንብ አደባልቁ። ብዙ ሰው ጉድጓዱ ታች ላይ ብቻ አሸዋ ያደርጋል፣ እሱ አይረዳም፤ ዙሪያው ዋልካ ከሆነ ጉድጓዷ ውሃ ማጠራቀሚያ ትሆናለች። ከዚያ ይልቅ መደቡን ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራት የተሻለ መፍትሔ ነው፣ ጉልበትም ይቆጥባል። ያልበሰለ ፍግ በፍጹም አትጨምሩ፣ ያቃጥለዋል፣ መበስበስንም ይጋብዛል። የአፈሩ ፒኤች፣ ማለትም የኮምጣጣነቱ መለኪያ፣ ከ6 እስከ 7 ቢሆን ይስማማዋል፣ በጣም ኮምጣጣ ከሆነ ትንሽ ኖራ ያስተካክለዋል።

ጥልቀቱ የሽንኩርቱን ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል ይሁን ይባላል። በተግባር ለትልልቆቹ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ለትናንሾቹ የዱር ዝርያዎች 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ውሃ የማይቋጥር አፈር ካላችሁ 20ውን ምረጡ። ጠለቅ ያለ ሽንኩርት ከሙቀት ይድናል፣ አይጥም በቀላሉ አይደርስበትም፣ አበባው ሲከብድም አገዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል። አፈራችሁ ከባድ ከሆነ 15 ይበቃል። በመካከላቸው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ተዉ።

ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ፣ ጠፍጣፋው ወደ ታች። ሥር የሚወጣው ከጠፍጣፋው በኩል ነው። ተገልብጦ ቢተከል ቡቃያው ዞሮ መውጣቱ አይቀርም፣ ግን ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል። ሽንኩርቱን አፈር ውስጥ እየጠመዘዛችሁ አትጫኑት፣ የሥሩ መውጫ ይጎዳል። ቁጭ አድርጉት፣ አፈር መልሱበት፣ በእጃችሁ ረገጥ ረገጥ አድርጉት፣ አንድ ጊዜ በደንብ አጠጡት። በቃ። ከዚያ በኋላ ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ ዝናብ ወይም በረዶ ካለ ማጠጣት አያስፈልግም።

በመስመር ከመትከል ይልቅ ሰፋ ያለ ጉድጓድ አውጥታችሁ 10 ወይም 15 የሚሆኑትን አንድ ላይ ብትተክሉ መልኩ የተሻለ ነው፤ ተራርቆ ለየብቻ የቆመ ቱሊፕ ብቸኝነቱ ያስታውቃል። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፣ መስመር የሚወድም አለ።

አይጥ፣ ፍልፈልና ሽኮኮ የቱሊፕ ሽንኩርት እጅግ ይወዳሉ። እነሱ ያሉበት ቦታ ከሆነ ከተከላችሁ በኋላ መደቡ ላይ የወንፊት ሽቦ ዘርጉና አፈር አልብሱት፤ ቡቃያው በቀዳዳው ይወጣል። ቆፋሪዎቹ ከጎን የሚመጡ ከሆነ ሽንኩርቱን በሽቦ ቅርጫት ውስጥ አድርጎ መቅበር ነው። የአጥንት ዱቄት የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። ሽታው ውሻ ይጠራል፣ ውሻው ደግሞ ሁሉንም ቆፍሮ ያወጣዋል። ናርሲስ አበባን ግን እነዚህ እንስሳት አይነኩትም፣ መርዛማ መሆኑን ያውቁታል። አንዳንዶች በቱሊፕ ዙሪያ ናርሲስ የሚተክሉት ለዚህ ነው፣ የተወሰነ ይረዳል።

ብርድ በሌለበት አገር

ብርዱ ረጅም ካልሆነ ብርዱን ፍሪጅ ይሠራላችኋል። ሽንኩርቱን በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ከ12 እስከ 14 ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ማቀዝቀዣው ነው እንጂ በረዶ ቤቱ አይደለም፤ በረዶ ቤት ከገባ ይሞታል። ፍራፍሬ ከፍሪጁ መውጣት አለበት፣ ምክንያቱን ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ። ፍራፍሬ ማውጣት የማይቻል ከሆነ ይህን ሥራ ባትጀምሩት ይሻላል። ከረጢቱ ላይ በትልቁ «የሚበላ አይደለም» ብላችሁ ጻፉ፣ በተለይ ቤታችሁ ውስጥ ከእናንተ ሌላ የሚያበስል ሰው ካለ።

ጊዜውን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ጀምሩ። ከፍሪጅ ሲወጣ የአካባቢያችሁ የቀዘቀዘው ወቅት ላይ መድረስ አለበት። እንደወጣ በዚያው ቀን ትከሉት፣ ጠረጴዛ ላይ ሳምንት ከቆየ ያ ሁሉ ቅዝቃዜ ከንቱ ይሆናል። የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት ጥላ ያለበት ቦታ ይስማማዋል። እንዲህ የተተከለ ቱሊፕ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ። አንድ ጊዜ አብቦ ያልፋል፣ እንደገና ማየት ከፈለጋችሁ አዲስ መግዛት ነው።

በፖት

ቦታ ለሌለው ፖት ጥሩ ነው፤ አፈሩንም እንደፈለጋችሁ ታስተካክላላችሁ። ታቹ ቀዳዳ ይኑረው፣ ጥልቀቱ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። እዚህ ላይ የርቀቱን ሕግ እርሱት፣ ሽንኩርቶቹ ሊነካኩ ጥቂት እስኪቀራቸው ድረስ ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ ደርድሩ። በንብርብርም ይተከላል፦ ዘግይተው የሚያብቡት ከታች፣ አፈር፣ ቀድመው የሚያብቡት ከላይ። ሁለት ችግር አለ። ብርዱ በጣም በሚከፋበት ቦታ ፖቱ ዙሪያውን ስለሚቀዘቅዝ ሥሩ ሊሞት ይችላል፣ ስለዚህ ግድግዳ አስጠግታችሁ በጆንያ ወይም በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉት። ቡቃያው ከወጣ በኋላ ደግሞ ፖት ቶሎ ይደርቃል፣ ያኔ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ከትታችሁ እያያችሁ አጠጡ።

ሲበቅልና ሲያብብ

አንዳንድ ጊዜ ብርዱ ሳያልፍ አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ይልና ሰው ይደነግጣል። አትሸፍኑት፣ ቅጠሉ ቀላል ውርጭ ይችላል። ቡቃያው ሲወጣ ፖታሲየም የበዛበትና ናይትሮጅን ያነሰበት ማዳበሪያ ትንሽ ጣል አድርጉለት። ናይትሮጅን ከበዛ ቅጠሉ ይወፍርና ለበሽታ ይጋለጣል። ዝናብ ከሌለ በሳምንት አንዴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይበቃል፣ ሥሩን እንጂ አበባውን አታርጥቡ።

አበባው ቀን ሲሞቅ ተከፍቶ ማታ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል፤ ጤንነቱ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ሰሞን ከሆነ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ድንገት ሙቀት ከመጣ በጥቂት ቀናት ይረግፋል፣ ለዚህ ምንም ማድረግ አትችሉም።

ቆርጣችሁ ቤት ማስገባት ከፈለጋችሁ እምቡጡ ቀለሙን አሳይቶ ገና ሳይከፈት በጠዋት ቁረጡት። ከተቆረጠ በኋላም አገዳው ማደጉን ይቀጥላል፣ ወደ መስኮቱም ይዞራል፤ አስተካክዬዋለሁ ብላችሁ በማግስቱ ጠማማ ብታገኙት አትገረሙ። ከናርሲስ ጋር አንድ ማስቀመጫ ውስጥ ወዲያው አትክተቱት፣ ናርሲስ ሲቆረጥ የሚያወጣው ፈሳሽ ቱሊፑን ያጠወልገዋል። ናርሲሱን ለብቻው አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ካቆያችሁት በኋላ፣ አገዳውን እንደገና ሳትቆርጡ፣ መቀላቀል ትችላላችሁ። ስትቆርጡ ግን ቅጠሎቹን ተክሉ ላይ ተዉለት። ቅጠሉን አብራችሁ ከወሰዳችሁት የሚቀጥለውን ዓመት አበባም አብራችሁ ወሰዳችሁት ማለት ነው።

አበባው ከረገፈ በኋላ

እውነተኛው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው፣ ሰው ደግሞ ጀርባውን የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው።

የተከላችሁት ሽንኩርት አሁን የለም። አበባውን ለማውጣት ራሱን ጨርሷል። በምትኩ አፈር ውስጥ ልጆች እየተሠሩ ነው፤ አንድ ትልቅና ጥቂት ፍልቃቂ የሚያክሉ ትናንሾች። ትልቁ በቂ ስንቅ ካገኘ በሚቀጥለው ዓመት ያብባል፣ ካላገኘ ቅጠል ብቻ ያወጣል። ስንቁን የሚሠራው ደግሞ አሁን ያለው ቅጠል ነው፣ ጊዜውም 6 ሳምንት ያህል ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የረገፈውን አበባ ራሱን ብቻ ቁረጡ፣ ዘር እንዳይሠራ። ዘር ብዙ ጉልበት ይበላል፣ ከዘር ያደገ ቱሊፕ ለማበብ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ ለቤት አይጠቅምም። አገዳውንና ቅጠሉን አትንኩ። ቢጫ ሆኖ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ሳብ ስታደርጉት በቀላሉ የሚለቅ እስኪሆን ድረስ ይቆይ። ማጠፍ፣ ማሰር፣ መጎንጎን የሚባል ነገር የለም፣ ቅጠሉ ብርሃን ማግኘት አለበት። አዎ፣ በዚህ ጊዜ መልኩ ያስጠላል። እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራል። ለዚህ ዘዴው ከፊቱ ወይም በመሃሉ ዘግይተው ቅጠል የሚያወጡ ሌሎች አበቦችን መትከል ነው፣ ሲያድጉ ይሸፍኑታል። ቅጠሉ አረንጓዴ እስካለ ድረስ አፈሩ ከደረቀ አጠጡ፤ መቢጨት ሲጀምር ውሃውን አቁሙ።

ይነቀል ወይስ ይቀመጥ? የሙቀት ወራታችሁ ደረቅ ከሆነ፣ አፈሩም ውሃ ካልያዘ፣ እዚያው ተዉት። በሙቀቱ ወራት ዝናብ የሚበዛበት አገር ከሆነ ወይም ቦታውን ለሌላ ነገር ከፈለጋችሁት ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ሽንኩርቱን በሹካ መቆፈሪያ ቀስ ብላችሁ አውጡ። አትጠቡት። ጥላ ውስጥ አየር በሚገባበት ቦታ ይድረቅ፣ አፈሩን አራግፉ፣ የለሰለሰውንና የሻገተውን ጣሉ፣ ትልቁን ከትንሹ ለዩ። ከዚያ በመረብ ወይም በወረቀት አድርጋችሁ ከ17 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ወዲያው ፍሪጅ አታስገቡት! ይህ ብዙ ጊዜ የሚምታታ ነገር ነው። የሚቀጥለው አበባ ሽንኩርቱ ውስጥ የሚሠራው በዚህ ሞቅ ባለ ጊዜ ነው፤ ብርዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሙቀቱ ፋንታ ብርድ ከሰጣችሁት የሚበርደው አበባ የሌለው ሽንኩርት ነው።

ትናንሾቹን ፍልቃቂዎች ለብቻ ጥግ ላይ ትከሏቸው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሰፊ ቅጠል ብቻ ያወጣሉ፣ ለማበብ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋሉ።

በሽታና ብስጭት

ሊያሳስባችሁ የሚገባው አንዱ የቱሊፕ እሳት የሚባለው ነው፣ ሻጋታ ነው። ቡቃያው ተጣሞ ይወጣል፣ ቅጠሉ በእሳት የተለበለበ ይመስላል፣ አበባው ላይ ነጠብጣብ ይታያል፣ ርጥበት ሲኖር ግራጫ አቧራ ያወጣል። መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ተክሉን ከነሽንኩርቱ ነቅላችሁ አስወግዱ፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት። እዚያ ቦታ ላይ ቢያንስ ለ3 ዓመት ቱሊፕ አትትከሉ፤ ሻጋታው አፈር ውስጥ ይቆያል።

ሁለተኛው ቫይረስ ነው፣ የሚያጋባው ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይ ነው። አንድ ቀለም የነበረው አበባ በድንገት በነጭ ወይም በቢጫ ነበልባል የተዥጎረጎረ ሆኖ ይመጣል፣ እጅግ ያምራል። ሆላንድ ውስጥ ዋጋው እጅግ ንሮ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1637 በድንገት ከወደቀው ቱሊፕ ውስጥ በጣም ውዱ እንዲህ ያለው ነበር። መንሥኤው ቫይረስ መሆኑ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። ሽንኩርቱን ከዓመት ወደ ዓመት ያዳክመዋል፣ ወደ ጎረቤቱም ይተላለፋል፤ ስለዚህ ባልጠበቃችሁት ቦታ እንዲህ ዓይነት አበባ ካያችሁ ፎቶ አንሡትና ንቀሉት። ዛሬ የሚሸጡት ባለ ብዙ ቀለም ቱሊፖች በተፈጥሯቸው እንደዚያ የሆኑ ጤነኞች ናቸው።

ቅጠል ብቻ ሆኖ አበባ የቀረ እንደሆነ ምክንያቱን ከታሪኩ ትይዙታላችሁ። አዲስ ገዝታችሁ በመጀመሪያው ዓመት ካላበበ ወይ ሽንኩርቱ ትንሽ ነበር፣ ወይ ሙቀት ቦታ ወይም ፍራፍሬ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፣ ወይ ብርዱ አልበቃውም። አምና አብቦ ዘንድሮ ከቀረ ቅጠሉ ቶሎ ተቆርጦበታል፣ ጥላ ሆኖበታል ወይም በሙቀቱ ወራት ውሃ በዝቶበታል። ለዓመታት ሳይነቀል ከቆየ ደግሞ ልጆቹ ተፋፍገው ሁሉም ከስተዋል። ቅጠሉ ሲደርቅ ቆፍራችሁ ብታዩት መልሱ እጃችሁ ላይ ነው፤ የሚበቃውን ያህል ትልቅ የሆነውን መልሳችሁ ትከሉ፣ ትንሹን ወደ ጥግ ውሰዱት።

ይህ ሁሉ ጣጣ የማይመቻችሁ ከሆነ ደግሞ አበባው ሲያልቅ ሽንኩርቱን ነቅሎ ጥሎ በየዓመቱ አዲስ መትከልም ያለ ነገር ነው። ሆላንድ ያለው ታዋቂው የኮይከንሆፍ መናፈሻ በየዓመቱ 7 ሚሊዮን ያህል የአበባ ሽንኩርት እንደ አዲስ ይተክላል፣ አብዛኛው ቱሊፕ ነው።